ናሙናው ሳይቀዘቅዝ፦ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?

ኅዳር ላይ ደሴ ሲነጋ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ከኩታበር በኩል የመጡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ የልጁን የሰገራ ናሙና በትንሽ ብልቃጥ ይዘው ወደምሠራበት ላብራቶሪ መስኮት ቀረቡ። ናሙናውን የወሰዱት ገና ሳይነጋ ነበር፤ መኪና ሲጠብቁ፣ ካርድ ሲያወጡ፣ ወረፋ ሲይዙ ሦስት ሰዓት ያህል አልፎታል። ብልቃጡን ስቀበላቸው እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል። «እናቴ፣ ይህ ቀዝቅዟል፤ እዚሁ ትኩስ ናሙና ብንወስድለት ይሻላል» አልኋቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ የሞተውን ማየት አይቻልም?» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፤ ከኋላቸው ብዙ ሰው ቆሟል። ሙሉውን መልስ እዚህ ልጻፈው። የሞተውን ማየት ይቻላል፤ ማንነቱን ማወቅ ግን ይከብዳል። አሜባ ሲቀዘቅዝ እግሩን ሰብስቦ ድቡልቡል ይላል፤ ያን ጊዜ ከሰው ነጭ የደም ሕዋስ ለመለየት የሠለጠነ ዓይንም ይቸገራል። ትኩስ ሲሆን ግን ይሄዳል። በደሴ ጉም ውስጥ ጎረቤታችንን ፊቱ ሳይታየን በአረማመዱ እንደምናውቀው ሁሉ፣ በማይክሮስኮፕ ሥርም ብዙዎቹን የምንለያቸው በአካሄዳቸው ነው። አካሄዳቸው ደግሞ እኛ ከምናውቀው ዋናም ሆነ ሩጫ ፈጽሞ የተለየ ነው።

መጠናቸውን በጤፍ እንለካ። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጃርዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ጫፍ ለጫፍ ብንደረድረው፣ የጤፏን ርዝመት ለመሙላት ሰማንያ ያህሉ ይበቃል። በሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግን አምስት መቶ ያህል ያስፈልጋል፤ የአንዱ ርዝመት ሁለት ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ ገደማ ነውና።

ነገር እስከዚህ ሲያንስ ሕይወት ባይኖረውም ውሃ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ከአበባ ዱቄት የወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ሲርገበገቡ ተመለከተ። የሕይወት ምልክት እንዳይሆን ጠርጥሮ የተፈጨ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ቢጨምር ድንጋዩም እንዲሁ ተርገበገበ። አልበርት አንስታይን በ1905 ምክንያቱን በስሌት አስረዳ፦ የውሃ ሞለኪውሎች ቅንጣቷን ከየአቅጣጫው ሳያርፉ ይጎሽሟታል። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ባለበት የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ «ሕያው ነው» ይሉኛል። እኔም «ቦታ ለቀቀ ወይ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። በገዛ ኃይሉ የሚሄድ አንዱን ቦታ ለቅቆ ሌላው ላይ ይደርሳል፤ የሚጎሸም ግን እዚያው ሲርገበገብ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ውሃ ለእኛ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ሐይቅ ላይ የሚዋኝ ሰው አንድ ጊዜ እግሩን ገፍቶ ቢተወው፣ ሰውነቱ በያዘው ፍጥነት ትንሽ መንገድ ይንሸራተታል። መኪናም ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ወዲያው ቀጥ አይልም፤ ክብደቱ ይገፋዋል። ባክቴሪያ ግን የሚገፋው ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። እርሱን የሚገዛው የውሃው መጣበቅ ነው። ለእርሱ ውሃ ከማር የባሰ ነው፤ ጠዋት ማሰሮ ውስጥ ብርድ ይዞት በማንኪያ አልንቀሳቀስ የሚል ማር ውስጥ እንደመዋኘት ይቁጠሩት። ባክቴሪያው መግፋቱን ባቆመበት ቅጽበት ይቆማል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርሰል ይህን አስልቶ በ1977 ባሳተመው ጽሑፉ እንዳሳየው፣ ባክቴሪያ መግፋቱን ካቆመ በኋላ የሚንሸራተተው ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት ያንሳል። እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የታተመው የተሳሳተ መስሎኝ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከዚያም ከውሃው አውጥቶ በአየር ላይ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ሳያወጣው እዚያው ውሃ ውስጥ ቢመልሰው እንኳ ወደ ኋላ በኃይል ገፍቶ፣ ወደ ፊት ቀስ አድርጎ መልሶ ትንሽ ሊሄድ ይችላል። በባክቴሪያ ዓለም ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ፈጠነም ዘገየም፣ አንድ እንቅስቃሴ በሄደበት መንገድ ከተመለሰ ዋናተኛው ሄዶ ሄዶ መነሻው ላይ ነው። እንደ በር መዝጋትና መክፈት ያለ፣ እንደ ዓሣ ጠንካራ ጅራት ግራ ቀኝ መወዝወዝ ያለ ምልልስ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሁሉ በሄደበት የማይመለስ እንቅስቃሴ ማግኘት ነበረባቸው። ያገኟቸው መፍትሔዎች ናቸው እኔ በየቀኑ በማይክሮስኮፕ የማያቸው።

የባክቴሪያ መፍትሔ ብሎን ነው። ኢ. ኮላይ ከሰውነቱ ብዙ እጥፍ የረዘሙ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዙ ጥቂት ክሮች አሉት፤ ፍላጀለም ይባላሉ። ውፍረታቸው የሚሊ ሜትር ሃምሳ ሺኛ ያህል ስለሆነ በእኛ ተራ ማይክሮስኮፕ ያለ ልዩ ቀለም አይታዩም። ለብዙ ዘመን ሰው ክሮቹ እንደ ጅራፍ የሚወዛወዙ ይመስለው ነበር። ሀዋርድ በርግ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1973 ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳወቀ፦ ክሩ ይሽከረከራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ክሩን መስታወት ላይ አጣብቀው ቢይዙት፣ ባክቴሪያው ራሱ እንደ እንዝርት ሲዞር በዓይናቸው አዩ።

ክሩን የሚያሽከረክረው በባክቴሪያው ግድግዳ ውስጥ የተተከለ እውነተኛ ሞተር ነው። የሚዞር ቀለበት አለው፤ ቆመው የሚያዞሩት ክፍሎች አሉት፤ ዘንግ አለው፤ ዘንጉን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ተጣጣፊ መገጣጠሚያም አለው። የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ በሚፈሱ ፕሮቶኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ባላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው፤ ወንዝ ወፍጮን እንደሚያዞር የቻርጁ ፍሰት ቀለበቱን ያዞረዋል። በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይዞራል። በዚህ ኃይል ኢ. ኮላይ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ማይክሮ ሜትር ይሄዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ በአንድ ሰከንድ ከቁመቱ አሥር ጊዜ በላይ መሄድ ነው። ሰው በዚህ ልክ ቢሮጥ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሹፌር በዚህ ፍጥነት አይወርደውም።

ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል? ዓይን የለውም። ቁመቱም አጭር ስለሆነ በራሱና በጭራው መካከል ያለው የምግብ ልዩነት ምንም ያህል አይረዳውም። ዘዴው እንዲህ ነው። ሞተሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ክሮቹ አንድ ላይ ተጎንጉነው ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ አንድ ሰከንድ ያህል። ከዚያ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሞተሮች አቅጣጫቸውን ይለውጣሉ፤ ጉንጉኑ ይፈታል፤ ባክቴሪያው ለሰከንድ አሥረኛ ያህል ይገለባበጥና ወደ ሌላ አቅጣጫ ፊቱን ያዞራል፤ እንደገና ይሮጣል። አዲሱን አቅጣጫ አይመርጠውም፤ ዕጣ እንደመጣል ነው። የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁን ያለበትን ከጥቂት ሰከንዶች በፊት ከነበረበት ጋር ያወዳድራል፤ ከተሻለ መገለባበጡን ያዘገያል። በወፍራም ጉም ውስጥ ቡና የሚቆላበትን ቤት የሚፈልግ ሰው አስቡ። ሽታው እየበረታ ሲሄድ ይቀጥላል፤ ሲደክም ይቆምና ወደ አንዱ ይዞራል። ምንም ሳያይ ቡናው ዘንድ ይደርሳል። እኔ በዚህ ፍጡር ላይ ከሁሉ የምደነቅበት ይህ ነው፤ አንጎል ሳይኖረው የሚያስታውስ መሆኑ።

ይህ ክር አንባቢው እጅ ላይ ባለ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሆናል። የታይፎይድ ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለውን ያደረገ ሰው ውጤቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚሉ ሁለት ፊደላት አይቷል። «ኤች» የባክቴሪያው ፍላጀለም ነው። ፊደሉ «ሃውኽ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እስትንፋስ ማለት ነው፤ ፍላጀለም ያለው ባክቴሪያ በማሳደጊያ ሳህኑ ላይ ተዘርግቶ ሲያድግ፣ መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት የሚይዘውን ጉም ይመስላልና። «ኦ» ደግሞ «ያለ እስትንፋስ» ከሚለው ሐረግ የተወሰደ ነው። ምርመራው የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን በባክቴሪያው አካልና በዚህ ክር ላይ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። መከላከያው ከቀድሞ ሕመም ወይም ከክትባት ሊቀር ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ የታየ «ኤች» ብቻውን ዛሬ ታይፎይድ አለብህ አያሰኝም። ይህን ሳያውቁ በየወሩ መድኃኒት የሚውጡ ሰዎች በመስኮቴ ሲያልፉ ያሳዝኑኛል።

የኮሌራ ባክቴሪያ በአንድ ጫፉ ላይ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ሞተሩም የሚሠራው በፕሮቶን ሳይሆን በሶዲየም ነው። በጨለማ ዳራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ሽው ይላል። እርሱን ነጥሎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲጨመርበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለሙያው ማንነቱን የሚለየውም በዚህ መቆሙ ነው። ግርሻ የሚባለውን፣ በቅማል የሚተላለፈውን ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ ክሮቹን ከላይኛው ሽፋኑ በታች ደብቋቸዋል። ክሮቹ ውስጥ ሲዞሩ መላ አካሉ እንደ ብሎን ይጠማዘዛል፤ በትኩስ የደም ጠብታ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሶችን እየገፋ ሲያልፍ ይታያል።

ከባክቴሪያ ከፍ ያሉት፣ ፕሮቶዞአ የምንላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ሌላ መሣሪያ አላቸው። ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ውሃው ከተኛበት ቅጠል ከበሰበሰበት ቦታ ጠብታ ወስዶ የሚያይ ሰው ፓራሚሲየምን ሊያገኝ ይችላል። የጤፍ ፍሬ ሩብ የሚያህል፣ የጫማ ሶል የሚመስል ፍጡር ነው። መላ አካሉን በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ፀጉሮች ይሸፍኑታል። እያንዳንዱ ፀጉር ሲገፋ ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ ታጥፎ ወደ አካሉ ተጠግቶ ያልፋል። የሄደበትና የተመለሰበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ የማሩን ሕግ ያመልጣል። ፀጉሮቹ አብረው ሳይሆን ተራ በተራ ስለሚገፉ፣ ነፋስ የስንዴ ማሳ ላይ እንደሚያሳየው ያለ ማዕበል አካሉ ላይ ይሄዳል። እንቅፋት ሲመታው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባና ፀጉሮቹ በተቃራኒው ይቀዝፋሉ፤ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ትንሽ ዞር ብሎ እንደገና ይሞክራል። በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ዓይን ሊከተለው ይቸገራል።

ጃርዲያን ለማየት ግን ወንዝ መውረድ አያስፈልግም። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የደልፍት ከተማ ነጋዴ፣ ድርና ማግ ቆጥሮ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው፣ በገዛ እጁ በሞረዳት ትንሽ ሌንስ በ1681 ተቅማጥ ይዞት ሳለ የራሱን ሰገራ ተመለከተ፤ የገለጻቸው ተንቀሳቃሾች ጃርዲያ እንደነበሩ ይታመናል። ጃርዲያ ስምንት ክሮች አሉት። እነዚህ ክሮች ግን ከባክቴሪያው ጋር ስም ቢጋሩም ሥራቸው ሌላ ነው፤ አይሽከረከሩም፣ ከውስጥ ተነሥቶ በሚጓዝ ሞገድ ይተጣጠፋሉ። ፊት ለፊት ሲታይ ሁለቱ አስኳሎቹ እንደ ዓይን ሆነው ፊት ይመስላል፤ በጎን ሲታይ ማንኪያ ነው። አካሄዱ ከባሕር ዛፍ ላይ የሚወርድ ቅጠልን ይመስላል፦ ይገለበጣል፣ ጀርባውን ያሳያል፣ ሆዱን ያሳያል፣ እየተንሳፈፈ ያልፋል። አንጀት ውስጥ ሲደርስ በሆዱ በኩል ባለ ክብ መጣበቂያ ግድግዳውን ይይዛል።

አሜባ ከሁሉም ይለያል፤ አይዋኝም፣ ይፈስሳል። በአንድ በኩል ጥርት ያለ ጣት መሰል ነገር ያወጣል፤ ሐሰተኛ እግር ይባላል። ከዚያ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ወደዚያ እግር ይፈስሳል፤ ምጣድ ላይ እንደሚዘረጋ ሊጥ፣ ሊጡ ግን ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይወስናል። ደም የሚያስቀምጠው አሜባ አንዳንድ ጊዜ የዋጣቸውን ቀይ የደም ሕዋሶች በሆዱ ይዞ ሲሄድ ይታያል፤ ያን ጊዜ ጥርጥር የለም። ነገር ግን በመልክ ከእርሱ የማይለይ፣ በሽታ የማያመጣ ወንድም አለው፤ የሚያንቀራፍፉ ሌሎች ዘመዶችም አሉት። ስለዚህ አንድ ድቡልቡል ነገር ታይቶ «አሜባ ነው» ማለት ቀላል፣ ትክክል መሆኑ ግን አስቸጋሪ ነው። በአካባቢያችን ሆድ የቆረጠው ሁሉ አሜባ አለበት የሚባለው ከሚገባው በላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የቀዘቀዘ ናሙና ነው።

ናሙናውን በንጹሕ ውሃ ሳይሆን ጨው ባለው ኖርማል ሳላይን የምንበጠብጠውም ለዚሁ ነው። ፓራሚሲየም ወደ አካሉ የሚገባበትን ውሃ እየቀዳ ወደ ውጭ የሚረጭ ከረጢት አለው። አንጀት ውስጥ ለመኖር የለመደው አሜባ ይህ የለውም፤ ተራ ውሃ ካገኘው አብጦ ይፈነዳል።

እግርም ክርም ሳይኖረው የሚሄድም አለ፤ የወባ ጥገኛ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ናት። ወባ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ስለሚፈልግ ኮምቦልቻ ስትታመም ደሴ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች። ትንኟ ስትነክስ ቆዳ ውስጥ የምታስቀምጠው ቀጭን፣ ማጭድ መሰል ፍጡር ከአካሉ ላይ መያዣዎችን አውጥቶ የነካውን ይጨብጣል፤ ከቆዳው በታች ያሉት፣ የእኛን ጡንቻ ከሚያንቀሳቅሱት ጋር የሚዛመዱ ፕሮቲኖች መያዣዎቹን ወደ ኋላ ይጎትታሉ፤ እርሱ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሰከንድ አንድና ሁለት ማይክሮ ሜትር እየሄደ የደም ሥር ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያ ጉበት።

የማይሄዱም ብዙ ናቸው። የእንጀራ እርሾ አይዋኝም፤ የቲቢ ባክቴሪያም በሳል ተጭኖ እንጂ በራሱ አይጓዝም። የሚዋኙትም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይዋኙም። ጀሪካን ውስጥ ጣት ሲያስገቡ የሚያዳልጠው ነገር የቆሙ ዋናተኞች ሠፈር ነው። ባክቴሪያው ግድግዳ ሲነካ ክሩ መዞር ያቅተዋል፤ ሞተሩ የገጠመው ተቃውሞ ራሱ ምልክት ይሆነዋል። ክሩን መሥራት ትቶ ሙጫ ያመነጫል፤ በሙጫው ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሸፍኖ ይኖራል። ክሎሪን እዚያ ውስጥ ያለውን እንደ ልቡ አያገኘውም። ለቅልቆ መድፋትም አያስለቅቀውም። እናቶቻችን ጠጠርና ሳሙና ጨምረው ጀሪካኑን የሚንጡት ትክክል ናቸው፤ ሙጫውን የሚያነሣው መፋቅ ነው።

ጃርዲያም ከአንጀት ሲወጣ ክሮቹን ሰብስቦ ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል፤ ሲስት እንለዋለን። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ለሳምንታት ይጠብቃል፤ ክሎሪንንም ከባክቴሪያ ይልቅ ይቋቋማል። ማፍላት ግን ይገድለዋል። እዚህ ላይ የከተሞቻችን ከፍታ ይመጣል፦ ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ያን ቀን ልጁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትኩስ ናሙና ሰጠ። ከሳላይን ጋር በጥብጬ፣ መስታወት ሸፍኜ፣ አርባውን ሌንስ ሳዞርበት ቅጠሎቹ ይወርዳሉ፤ አንዱ ፊቱን አሳይቶኝ ተገለበጠ። እናቲቱን ጠርቼ ዓይናቸውን ሌንሱ ላይ እንዲያደርጉ ረዳኋቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ መልሰው ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። «ይህ ነው የልጄን ሆድ እንዲህ የነፋው?» አሉ፤ «አዎ እናቴ» አልኋቸው። ዓይናቸውን ሳያነሡ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ቆመ እኮ» አሉኝ።

ስላይዱን ነካሁት፤ በርዷል።